የመንገድ ሐቅና የወረዳችን ክፍት ጉድጓዶች



  

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሰላት፣ ስለ ዘካ፣ ስለ ወላጅና ስለ ጎረቤት ሐቅ ብዙ ተጽፏል። አላህ ጸሐፊዎቹን ይመንዳቸው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ጉድጓድ ነው። «ይህ የወረዳ ስብሰባ ወሬ ነው እንጂ የዲን ጉዳይ ነው እንዴ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ብዕር እንዳነሳ ያደረገኝ ይኸው ጥያቄ ነው፤ በመስጂዳችን ውስጥም ስጠየቅ የከረምኩት ይህንኑ ነው።

ኢማን ከስልሳ ወይም ከሰባ በላይ ቅርንጫፎች እንዳሉት፣ ከሁሉም የሚልቀው «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ማለት እንደሆነ፣ ዝቅተኛው ደግሞ ሰውን የሚጎዳ ነገር ከመንገድ ላይ ማንሳት እንደሆነ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ካስተላለፉት ሐዲስ ሁላችንም ሰምተናል። ስንሰማው ግን ብዙዎቻችን ጆሯችን ላይ የሚቀረው «ዝቅተኛው» የሚለው ቃል ነው። ዝቅተኛ ነው ማለት ከኢማን ውጭ ነው ማለት አይደለም። አቡ በርዛ (ረ.ዐ) የሚጠቅማቸውን ሥራ እንዲያስተምሯቸው ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቁ የተነገራቸው ከሙስሊሞች መንገድ ላይ ጎጂውን እንዲያስወግዱ ነው። ይህን ኢማሙ ሙስሊም ዘግበውታል። ጠያቂው ከታላላቅ ሰሐቦች አንዱ ናቸው፤ መልሱ ደግሞ ስለ መንገድ ነበር።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልግባ። ሰፈራችን አዲስ አበባ ውስጥ ነው። የወረዳውን ቁጥር አልጠቅስም። አንደኛ ሰው ለማሳጣት አልተነሳሁም፤ ሁለተኛ ቁጥሩን ብጽፍ የሌላው ወረዳ አንባቢ «እኛን አይመለከትም» ብሎ ገጹን ይገለብጣል።

ከቤታችን እስከ መስጂዱ ቢበዛ አምስት ደቂቃ ያስኬዳል። በመንገዱ በቀኝ በኩል እኛ ዲች የምንለው፣ በድንጋይ የተገነባ የፍሳሽ ቦይ አብሮ ይወርዳል። ቦዩ በኮንክሪት ክዳን የተሸፈነ ነበር፤ በየመገናኛው ደግሞ የብረት ክዳን ያላቸው ጉድጓዶች አሉ። ከኮንክሪቶቹ ሦስቱ አሸዋ የጫነ ከባድ መኪና ወጥቶባቸው ተሰባብረዋል። ከብረቶቹ አራቱ በሌሊት ተነስተው ተሸጠዋል። ሦስትና አራት ሰባት። በአምስት ደቂቃ መንገድ ሰባት ክፍት ጉድጓድ ማለት ነው። የመንገድ መብራት ምሰሶ ሦስት አለን፤ የሚበራ ግን የለም። የሕዝብ መጸዳጃ ቤትም ተሠርቶልን ነበር። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ ስለዚህ መንገደኛው የሚሸናው የመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እርግማን ከሚያመጡ ሁለት ነገሮች እንድንጠነቀቅ ሲያዙ፣ በሰዎች መተላለፊያና በሚጠለሉበት ጥላ ሥር መጸዳዳትን ጠቅሰዋል። ይህን ሐዲስ ግድግዳው ሥር ለቆመው ሰው ማንበብ ቀላል ነው፤ ይነበብለትም። በሩን ለቆለፈውስ ማን ያንብብለት?

በበጋ ነገሩ ያን ያህል አይከብድም። ጉድጓዱ ስለሚታይ ዓይን ያለው ዞሮ ያልፋል። የሚከፋው በክረምት ነው። ቦዩ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ስለተደፈነ ውሃው መውረዱን ትቶ መንገዱ ላይ ይተኛል። ያን ጊዜ ጉድጓዱና ኮብልስቶኑ አንድ ዓይነት ጥቁር ውሃ ይለብሳሉ። ለሱብሒ ሰላት የሚወጣ ሰው በጨለማ፣ ያውም ዝናብ ሽሽት ጎንበስ ብሎ ሲራመድ፣ የትኛው መሬት የትኛው ጉድጓድ እንደሆነ የሚያውቀው እግሩን ከሰደደ በኋላ ነው።

ደጋግ ጎረቤቶቻችን ለዚህ አንድ ዘዴ አበጅተዋል። ጉድጓዱ ውስጥ የዛፍ ቅርንጫፍ ይተክላሉ፤ ቅርንጫፍ ከጠፋ አሮጌ ጎማ ይጥሉበታል። መንገድ ላይ ያገኘውን የእሾህ ቅርንጫፍ ገለል በማድረጉ አላህ ኃጢአቱን ስለማረለት ሰው የተነገረውን ሐዲስ ባስታወስኩ ቁጥር የሰፈራችን ሁኔታ ይገርመኛል። ያ ሰው አጅር ያገኘው ቅርንጫፍ ከመንገድ ላይ አንስቶ ነው፤ እኛ ደግሞ መንገዱ ላይ ቅርንጫፍ ተክለን አጅር እየጠበቅን ነው። የሚተክሉትን መንቀፌ አይደለም። ከዚህ የተሻለ ነገር በእጃቸው የለም።

ባለፈው ክረምት ከመስጂዳችን አዛውንቶች አንዱ፣ ለብዙ ዓመታት ከመጀመሪያው ሰፍ ጠፍተው የማያውቁ አባት፣ ለሱብሒ ሲመጡ ከእነዚህ ጉድጓዶች በአንዱ ወደቁ። ጭናቸው ተሰበረ። አልሐምዱሊላህ ሕይወታቸው ተርፏል። ከዚያ ወዲህ ግን የሚሰግዱት ቤታቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ልጠይቃቸው ስሄድ የሚያነሱት ስለ ስብራቱ አይደለም። አዛኑ እየተሰማቸው መቅረታቸውን ነው ደጋግመው የሚያወሩት።

ዓይነ ስውሩ ሰሐባ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ወደ መስጂድ የሚመራቸው ሰው እንደሌላቸው ገልጸው ቤታቸው ለመስገድ ፈቃድ የጠየቁበት ሐዲስ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ ሊሄዱ ሲሉ ጥሪው ይሰማቸው እንደሆነ ተጠየቁ፤ እንደሚሰማቸው ሲናገሩ እንዲመጡ ታዘዙ። ይህን ሐዲስ እኛ ብዙ ጊዜ የምናነበው ከጀማዓ የሚቀረውን ሰው ለመገሠጽ ነው። መንገዱን ለሚያስተዳድረው ሰውም የሚነበብ ይመስለኛል። ዓይነ ስውር እንኳ እንዲመጣ የታዘዘ ከሆነ፣ የሚመጣበት መንገድ የማን አደራ ነው?

ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ደግሞ በአንድ ዝናባማ የጁሙዓ ቀን ሙአዚናቸውን ሰዎች በየቤታቸው እንዲሰግዱ እንዲጣራ አዘዙት። ሰዎች ሲገረሙ የሰጡት ምክንያት በጭቃና በሚያዳልጥ መሬት ላይ እንድትሄዱ ላደርጋችሁ አልወደድኩም የሚል ነበር። ይህ በቡኻሪም በሙስሊምም የተዘገበ ነው። ልብ በሉ፤ ጁሙዓን ያህል ነገር ሰው እንዳይንሸራተት ሲባል ቀለል ተደረገ። ያ ግን የአንድ ቀን ዝናብ ነበር። የእኛ መንገድ ዓመት ከዓመት ዑዝር ሆኖ ሊቀጥል ነው?

አዛውንቱ ከወደቁ በኋላ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። መጀመሪያ ያነጋገረኝ አንድ ወጣት ሠራተኛ ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና «ጋሼ፣ ይህ እኮ እኛን አይመለከትም። መንገዱ የአንድ መሥሪያ ቤት ነው፣ ፍሳሹ የሌላ፣ መብራቱ የሦስተኛ» አለኝ። «እሺ ልጄ፣ ጭናቸው የተሰበረው አባትስ የየትኛው መሥሪያ ቤት ናቸው?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ የነገሩትን ነው የነገረኝ። በሁለተኛው ጉዞዬ የሰፈሩ ሰዎች የፈረምንበትን ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ፤ አሟልታችሁ አልጻፋችሁም ተብሎ ተመለሰ። በሦስተኛው ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በአራተኛው ኃላፊውን አገኘኋቸው፤ ጉዳዩ በዕቅድ መያዙንና በጀት ሲለቀቅ እንደሚሠራ ነገሩኝ። የትኛው ዕቅድ፣ የየትኛው ዓመት በጀት እንደሆነ ብጠይቅ ሌላ ባለጉዳይ አስገቡ።

ከዋናው ጎዳና ዳር ስቆም ደስ የሚለኝ ነገር አለ፤ ይህን መካድ አይገባም። በ2016 ዓ.ም በተጀመረው የኮሪደር ልማት የከተማችን ዋና ዋና ጎዳናዎች ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት አግኝተዋል፤ የሕዝብ መጸዳጃም ተሠርቶባቸዋል። ሰው በምሽት ቤተሰቡን ይዞ ሲንሸራሸር ማየት መልካም ነው። የሰፈራችን መንገድ ግን ከዚያ ጎዳና ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ቅያስ ነው። መታጠፊያው ላይ ብርሃኑ ያበቃል። «ተራችሁን ጠብቁ» የሚሉን አሉ። ሰፈር ለማደስ ተራ ይጠበቃል፤ ያስኬዳል። አንድ ጉድጓድ ለመክደን ግን ምን ዓይነት ተራ እንደሚያስፈልግ አልገባኝም።

ነገሩን አንድ ቀን ከዒሻ በኋላ መስጂድ ውስጥ አነሳሁት። ሁለት ዓይነት ተቃውሞ ገጠመኝ። ሁለቱም ከቅን ልብ የመጡ ናቸው፤ ስለዚህ በቁምነገር መመለስ አለባቸው።

አንዱ ወንድማችን «የሚያስፈልገን ሰብር ነው። ዱንያ የፈተና አገር ናት። ስለ ጉድጓድ ቢሮ ለቢሮ መክሰስ ሹክር ማጣት ነው» አለ። ሰብር ትልቅ ዒባዳ መሆኑን የሚክድ ሙስሊም የለም። ሰው በራሱ በሽታ፣ በራሱ ሐዘን፣ በራሱ ችግር ላይ ይታገሣል፤ አጅሩም ከአላህ ነው። በሌላ ሰው እግር መሰበር ላይ መታገሥ ግን ሰብር አይባልም። ሙንከርን በእጅ፣ ካልተቻለ በምላስ እንድንለውጥ ታዘናል። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ በትሕትና መናገር ከዚህ «በምላስ» ከሚባለው ውስጥ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መንገድ ዳር መቀመጥ ግድ የሆነባቸውን ሰዎች ለመንገዱ ሐቁን እንዲሰጡ ሲያዙ ከሐቆቹ መካከል ጉዳትን መከልከልንና በመልካም ማዘዝን ቆጥረዋል። በየሱቁ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሰው ሲወድቅ «አላህ ያውጣህ» ማለት ብቻ ይህን ሐቅ አያሟላም።

ሁለተኛው ወንድማችን በግንባታ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። «ቢሮ ለቢሮ ከምንንከራተት ብር እናዋጣና ራሳችን እንክደነው፤ ሰደቃ ጃሪያ ይሆንልናል» አለ። ሐሳቡን ብዙ ሰው ወደደው። እኔም በመርሁ አልቃወመውም። ነገር ግን ይህን ከሁለት ዓመት በፊት ሞክረነዋል። አዋጥተን አራት የኮንክሪት ክዳን አስጣልን። ሁለቱ ዛሬ ከተሰበሩት ሦስት ውስጥ ናቸው። ለምን ተሰበሩ? ያን ቅያስ ከባድ መኪና እንዳይገባበት መከልከል የምንችለው እኛ ስላልሆንን ነው። ቦዩንም በራችን ላይ ብንጠርገው ታች የሚገናኝበት ትልቁ ቱቦ ከተደፈነ ውሃው ተመልሶ ይመጣል። ያ ቱቦ በእጃችን አይገባም።

እዚህ ላይ ዑለሞቻችን ከእኛ ቀድመው ያዩት ነገር አለ። ስለ መሪዎች ኃላፊነት ሲነሳ ኹጥባ ሁሉ የሚያወሳው በኤፍራጥስ ዳርቻ ጠፍቶ ስለሚሞት ግመል ሳይቀር እጠየቃለሁ ብለው ይፈሩ ስለነበሩት ስለ ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ነው። ደጋግመን ስለሰማነው አልቅሰን እናልፈዋለን፤ ለሥራ የሚሆን ዝርዝር ግን አልያዝንበትም። ዝርዝሩን ከፈለግን በ505 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ በ«ኢሕያእ ዑሉሚዲን» ውስጥ በመልካም ስለ ማዘዝና ከመጥፎ ስለ መከልከል በጻፉት ክፍል የመንገድ ሙንከራትን ለብቻ ዘርዝረዋል። ከቤት ግድግዳ ወደ መንገድ የሚወጣ መደብ፣ መተላለፊያን የሚያጣብብ የታሰረ ከብት፣ የሰው ልብስ የሚቀድ የእሾህ ሸክም፣ በሱቁ በር ላይ የሚያርድ ሥጋ ሻጭ፣ መንገድ ላይ የሚጣል ጥራጊና የሐብሐብ ልጣጭ፣ ሰው እስኪያዳልጠው ድረስ የሚረጭ ውሃ ሁሉ አለበት። ዘጠኝ መቶ ዓመት ያለፈው ጽሑፍ ነው፤ ግን የእኛን ገበያ ዞረው ያዩት ይመስላል።

ከዚያ ወደ ጭቃና ወደ በረዶ ይሄዳሉ። የኢማሙ አገር ኹራሳን ስለሆነ በረዶ ነበረባቸው፤ እኛ የክረምት ጎርፍ እንበለው። መንገድ ላይ ተከማችቶ የሚተው ጭቃና ውሃ ሙንከር ነው ይላሉ፤ ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ሰው ላይ አይጭኑትም። አንድ የታወቀ ሰው የጣለው በረዶ ወይም ከአንድ ከታወቀ ቤት አሸንዳ የወረደ ውሃ ከሆነ ማጽዳቱ በዚያ ሰው ላይ ነው። ከዝናብ የመጣው የሁሉም የሆነው ግን የአስተዳዳሪዎች ሥራ ነው፤ ሰዎችን አስተባብረው እንዲያስነሱት ይገባል፤ ግለሰቡ በዚያ ላይ ያለው ድርሻ መምከር ነው። በቃ፣ የእኛ ክርክር እዚህ ላይ ይፈታል። የኔ የሆነ ቆሻሻ አለ፤ የወረዳው የሆነ ጎርፍ አለ። አንዱን በሌላው ማሳበብ አይቻልም።

የገንዘቡንም ጉዳይ በ450 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት አል-ማወርዲ ስለ አስተዳደር በጻፉት «አል-አሕካም አስ-ሱልጧኒያ» አይተውታል። የከተማው የመጠጥ ውሃ ቢበላሽ ወይም ቅጥሩ ቢፈርስ በበይተልማል ገንዘብ ካለ ጥገናው ከዚያ ነው፤ ነዋሪው አይገደድም። በበይተልማል ከሌለ ግን ግዴታው አቅም ባላቸው ነዋሪዎች ሁሉ ላይ በጋራ ይወድቃል። የከተማችን ካዝና በይተልማል አይደለም፤ ባለቤቱም ሙስሊሙ ብቻ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል ነው። መጀመሪያ ካዝናው ይጠየቃል፤ ካዝናው ባዶ መሆኑ በግልጽ ሲነገረን እጃችንን ወደ ኪሳችን እንሰዳለን። ነጋዴው ግብሩን ይከፍላል፤ ባለቤቱ የጣሪያና ግድግዳ ግብሩን ይከፍላል። ስንት ተሰብስቦ ለመንገዳችን ስንት እንደተመደበ ሳንጠይቅ ሁለተኛ ብናዋጣ የመጀመሪያውን አደራ ተቀባይ ከጥያቄ ነፃ ማውጣታችን ነው። ስለዚህ ለግንባታ ባለሙያው ወንድማችን የምለው ብሩን ያዝልን፣ መጀመሪያ ደብዳቤው ይቅደም ነው።

የኔ የሆነውን ቆሻሻ ግን በቸልታ አላልፈውም፤ በዚህ ጉዳይ ሙስሊሙ ሰፈር ከሌላው የተሻለ አይደለም። ቦዩን የደፈነው ፌስታል ከሰማይ አልወረደም። ከሰዓት በኋላ የጫት ገረባ በፌስታል ቋጥሮ ወደ ዲቹ የሚወረውረው ማን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። በዒደል አድሓ ማግሥት አንጀትና ፈርስ ቦዩ ውስጥ ይገኛል፤ ዑድሒያን ያህል ዒባዳ ፈጽሞ ጎረቤትን በሽታ ማስያዝ ምን ይባላል? አንዳንዱ ሱቅ ዕቃውን የእግረኛ መንገዱ ላይ ዘርግቶ እናቶችን ወደ ጉድጓዱ ጠርዝ ይገፋል። የመስጂዳችን የውዱእ ውሃ መውረጃም ከቦዩ ጋር በቅጡ ስላልተገናኘ ከፊሉ መንገዱ ላይ ይፈሳል፤ በአል-ገዛሊ ክፍፍል ይህ ከታወቀ ቤት የወረደ ውሃ ነው። የመስጂዱ ኮሚቴ ይህን ለማስተካከል ቧንቧ ገዝቷል፤ ሥራው ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት ቢያልቅ ይመረጣል።

ከሁሉም የሚከብደኝ የብረቶቹ ነገር ነው። አራት ክዳን በሌሊት ነስቶ የሸጠ ሌባ አለ፤ እሺ፣ ሌባ ሌባ ነው። ግን የገዛስ? የመንገድ ክዳን ማንም ግቢ ውስጥ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ቁራሌው ሲያመጣው የብረታ ብረት ነጋዴው ከየት እንደመጣ ያውቃል። የተሰረቀ መሆኑ እየታወቀ የተገዛ ዕቃ ገንዘቡ ሐራም ስለመሆኑ የሚከራከር ዓሊም አላውቅም። ከብረት ገዢዎቹ መካከል ከእኛው ጋር ሰፍ የሚቆሙ ወንድሞች አሉ። ስም አልጠራም። በሚዛኑ ላይ የተቀመጠው ብረት አንድ አዛውንት የሚረግጡበት መሬት እንደነበረ ግን ሊነገራቸው ይገባል፤ ኢማማችንም ይህን በሚቀጥለው ኹጥባ ቢያነሱልን መልካም ነው።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ልመለስ። እዚያ ከሚሠሩት ውስጥ ሙስሊም እኅቶችና ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይህን ጋዜጣ የሚያነቡም ይኖራሉ። ለእነሱ ስለ አንድ ክስተት ላስታውስ። አቡ መርየም አል-አዝዲ (ረ.ዐ) የተባሉ ሰሐባ ወደ ሙዓዊያ (ረ.ዐ) ዘንድ ገብተው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን ነገሯቸው። መልእክቱ የሙስሊሞችን ጉዳይ እንዲይዝ ተሹሞ ከችግራቸውና ከድህነታቸው ራሱን የሸሸገ ሰው አላህም ከእርሱ ችግር ይሸሸግበታል የሚል ነው። ይህን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ሙዓዊያ ሲሰሙ «እናስብበታለን» አላሉም፤ የሰዎችን ጉዳይ የሚከታተል ሰው ሾሙ። የዛሬው «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለው ቃል መሸሸጊያ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው በሩን የዘጋው ሰውና አላህ ነው። በእርግጥ ብዙ ስብሰባ አለባቸው፤ አልክድም። ሆኖም ባለጉዳይ የሚሰማበት ቀንና ሰዓት በሩ ላይ ተጽፎ ቢለጠፍ ወጪው አንድ ወረቀት ነው።

የአገሪቱ ሕግም በዚህ ጉዳይ ዝም አይልም። በ1987 ዓ.ም የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበትና ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣን ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ካሣ እንደሚከፍል፣ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው መንግሥትንም ሊጠይቅ እንደሚችል ይናገራል። አዛውንቱ ክስ አልፈልግም ብለዋል፤ መብታቸው ነው። ሌላ የተጎዳ ሰው ግን ይህ በር እንዳለ ይወቅ። ከዚያ በፊትም ወደ ዕንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ይቻላል፤ የአስተዳደር በደልን አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀበላል። እኛ ይህን ያህል ርቀት ሳንሄድ ነገሩ ቢያልቅ እንመርጣለን።

ስለዚህ ሁለተኛ ደብዳቤ አዘጋጅተናል። ስድብ የለበትም፤ ምጸትም የለበትም፤ አንድ ወጣት የጻፈውን አንድ ስለታም ዐረፍተ ነገር ሽማግሌዎች አስወጥተውታል። ሰባቱ ጉድጓዶች ከላይ ወደ ታች ቁጥር ተሰጥቷቸው ፎቶግራፋቸው ተያይዟል። የሦስቱ ምሰሶዎች ቦታና መጸዳጃ ቤቱ የተዘጋበት ጊዜ ተጠቅሷል። የጠየቅነው አራት ነገር ነው። ከክረምቱ በፊት ጉድጓዶቹ ይከደኑ፤ የብረቱ ክዳን ሌባ እንዳይመኘው በኮንክሪት ይተካ፤ ቅያሱ መግቢያ ላይ ከባድ መኪና የሚከለክል ምልክት ይቁም፤ መብራቱና መጸዳጃ ቤቱ የማን ኃላፊነት እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልን። በጀት የለም ከተባለም ይኸው በጽሑፍ ይሰጠን፤ ያን ጊዜ የግንባታ ባለሙያው ወንድማችን ሥራውን ይጀምራል።

ደብዳቤው የመስጂዱ ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩ ዕድርም ፈርሞበታል። በዚያ መንገድ እኛ ለሱብሒ ስንወጣ ክርስቲያን እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወርዳሉ። ጉድጓዱ ሃይማኖት አይለይም። ሐዲሶቹም መንገድ ዳር መጸዳዳትን ሲከለክሉ ያነሱት የሰዎችን መንገድ ነው። የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ እያልኩ የምጠራቸው የቆዩ ጎረቤቴ ናቸው፤ ሁለቱን ምሰሶ በሌሊት ወጥተው ፎቶ ያነሱት እሳቸው ናቸው።

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ የሰፈራችን ሰው እንዲያውቀው ፊርማው የሚሰበሰበው በመጪው ጁሙዓ ከሰላት በኋላ በጫማ መደርደሪያው በኩል ነው። እኅቶች በሴቶች መግቢያ በር ላይ መፈረም ይችላሉ፤ መጻፍ የማይችል በጣቱ ይፈርማል። የዕድሩ አባላት እሑድ በስብሰባቸው ይፈርማሉ። ሰኞ ጠዋት በ3 ሰዓት አምስት ሆነን ይዘነው እንገባለን፤ በእጃችን የሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተም ሳይመታበት አንወጣም። ስትፈርሙ ከስማችሁ ቀጥሎ የቤት ቁጥራችሁን መጻፍ አትርሱ። የመጀመሪያው ደብዳቤ የተመለሰው የቤት ቁጥር የለበትም ተብሎ ነው።